ጠባሳው ሥር የተገኘው እብጠት

መኪና መንዳት ታስተምራለች። ተማሪዎቿ እሷ በሌለችበት «እትዬ ፍሬን» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በማስተማሪያው መኪና በእሷም በኩል ፍሬን ስላለ፣ እግሯም ከተማሪው አሳብ ቀድሞ ስለሚረግጠው ነው። «እኔ እኮ ልቆም ነበር» ብሎ ቅር የሚሰኝባት ተማሪ ቢኖር፣ «ይሆናል፤ ግን ይህን ከአንተና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም» ትለዋለች። ቅጽል ስሟን ሰምታለች፤ ሰምታም እንዳልሰማች ትኖራለች። እንዲያውም በሆዷ ደስ ይላታል። ሰው ከነሕይወቱ ቤቱ የሚገባው በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን ነው ባይ ናት።

ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት ብዙም አይርቅም። ባሏ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ ረጅም፣ እጀ ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሚጣ ይሏታል፤ መዋዕለ ሕፃናት ትሄዳለች። አባቷ ሳይናገር ያስቀረውን ወሬ ሁሉ እሷ ለቅማ ታወራዋለች እያሉ ይቀልዱባታል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ስታስተምር ነው። አዛውንቱ ቁጥር እንጂ መንገድ አይገባቸውም። የቀኝ ፍሬቻ አብርተው ወደ ግራ ታጠፉ። እሷም እንደ ልማዷ ፍሬኑን ረገጠች፤ ቀበቶው ግጥም አድርጎ ያዛት። ያን ጊዜ ከእምብርቷ በታች አንድ ነገር ወጋት። ቀበቶ ሲይዝ መቼም ትንሽ ያማል፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ፣ ጣት በምታህል ቦታ ላይ፣ ጥዝ ብሎ የሚቆይ ውጋት። አዛውንቱ ይቅርታ ሲጠይቋት «ምንም አይደል ጋሼ፣ ፍሬቻ ለመንገደኛው የሚሰጥ ቃል ነው፤ ይታመኑለት» ብላ አለፈችው።

ቤት ገብታ ልብሷን ስትቀይር ጣቷን ሰደደች። ከጠባሳዋ ታችኛው ጫፍ ሥር ለውዝ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘች። ስትነካው አመማት። እጇ እዚያው ቀረ፤ ልቧ ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ያ ጠባሳ ሁለት ጊዜ የተከፈተ ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ገና በሙሽርነቷ ወራት፣ የቀኝ ኦቫሪዋ ላይ፣ የሴት እንቁላል የሚያፈራው አካል ላይ ማለት ነው፣ ካንሰር ተገኝቶ ነው። ቀድመው ስለደረሱበት የታመመውን ወገን ብቻ አውጥተው ማህፀኗንና የግራውን ኦቫሪ ትተውላታል። ከዚያ መድኃኒቱ ተከተለ። ፀጉሯ ሲረግፍ ባሏ አንድ ቃል ሳይናገር የራሱን ተላጭቶ መጣ፤ ራሱ ሾጣጣ መሆኑ ያን ቀን ነው የታወቀው፤ እሷም በዚያ ሁሉ መከራ መሀል እስኪያማት ሳቀች። እናቷ ከሌላ ከተማ መጥተው ወራት አስታመሟት። ሁለተኛ የተከፈተው ደግሞ ሚጣ ልትወለድ ስትል፣ ምጡ አልሄድ ብሎ ነው፤ ሐኪሞቹ በዚያው በአሮጌው ጠባሳ ገብተው ልጅቷን አወጧት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ስትመረመር ቆይታ፣ በመጨረሻ ሐኪሟ «እንግዲህ በዓመት አንዴ ብቅ በይ» ብለው አሰናበቷት። መርሳት ጀምራ ነበር። ክፉ ነገር ደግሞ ሰው መርሳት ሲጀምር ነው የሚመጣው ብላ ታምናለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሷ ግን ልጥ ይሁን እባብ ሳላውቅ ሰው አላሸብርም አለችና ለባሏም ሳትነግር፣ ለተማሪዎቿ ጉዳይ አለብኝ ብላ፣ ወደ ካንሰር ሐኪሟ ሄደች።

ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ወሬያቸው ልክ ያለው። እብጠቱን ዳሰሱ፣ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረጉ፣ ፊታቸውም አልተለወጠም። ያስፈራትም ያ ነው፤ በሌላ ጊዜ እየዳሰሱ ስለ ሚጣ ይጠይቋት ነበር። ደም አስወሰዷት፣ ሲቲ ስካንም አስነሷት። ውጤቱን ልትሰማ ስትመለስ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አምጥተው አጠገቧ አደረጉት። የደም ምርመራው ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ጠባሳው ሥር ያለውን እብጠት ብቻ ሳይሆን የቀረው የግራ ኦቫሪዋ ላይም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት አሳይቷል።

«ተመልሶ ነው?» አለቻቸው።

«ልዋሽሽ አልችልም ልጄ» አሉ። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሲቲ ስካኑ አንድ ነገር እንዳለ ነገረን እንጂ ያ ነገር ምን እንደሆነ አልነገረንም። ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት ጠጋ ብላ እንድታይልኝ የምፈልጋት ሰው አለች።»

ያሏትም የአልትራሳውንድ ሐኪም ናት፤ ሥራዋ የሴቶችን ሆድ ዕቃ ማየት ብቻ ነው። ቀጠሮው በቀጣዩ ሳምንት ሆነ። ካንሰሩ ተመልሶ ከሆነ ግን ማህፀኑም ኦቫሪውም መውጣት እንዳለበት፣ መድኃኒቱም እንደገና እንደሚጀመር ሽማግሌው አልደበቋትም። እትዬ ፍሬን አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳትጠመዝዝ ብዙ ቆየች። ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ሞት አልነበረም። ያሰበችው ስለ አውቶቡስ ነው። በፊተኛው ሕመሟ ጊዜ መኪና አልነበራቸውም፤ መድኃኒቱን ተወግታ የምትመለሰው በአውቶቡስ ነበር፤ አንድ ቀን በሰው መሀል ሻርፗ ውስጥ አስመልሳለች። ያን ቀን የረሳችው መስሏት ነበር፤ አልረሳችውም። አሁን መኪና አለ፤ ግን እሷ ከተኛች የሚነዳው ማን ነው? ሚጣንስ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማን ነው?

አናጢው መንዳት አይችልም። የሠራቸውን በሮች በኪራይ ጭነት መኪና ነው የሚልከው። ተማር ብላው ታውቃለች፤ እሱ ግን «ባልና ሚስት አንድ መሪ አይዙም» እያለ ይስቅባታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ መኪናዋን አቁማ ጡሩምባ ነፋች። «ና ውጣ። ዛሬ ትማራለህ» አለችው። ሰውየው መላጊያውን እንደያዘ፣ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ወጣ።

እንዲያ ያለ ተማሪ ገጥሟት አያውቅም። ማርሹን የሚይዘው መሮ እንደሚይዝ ነው፤ ረጋ ብሎ፣ አስልቶ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚጠነቀቅ ይመስል። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሞተሩ ሲጠፋበት ደግሞ ለመኪናው «ይቅርታ» ይለዋል። ጠባቡ መንገድ ላይ ሲሄዱ ከዘራ የያዙ አሮጊት በእግራቸው ቀደሟቸው፤ ሲያልፉም ዞር ብለው በአዘኔታ አዩት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ታደርገው ነበር። አሁን ግን ቸኩላለች። ኋላ ማርሹን፣ ማቆሙን፣ ዳገቱን፣ አደባባዩን በአንድ ሳምንት ልታስጨርሰው ፈለገች። ለማንም ተማሪ ተቆጥታ የማታውቀውን ቁጣ ተቆጣችው። ስፖኪዮውን ሳያይ ቢነሳ «ልጄን ልትገድልብኝ ነው?» አለችው፤ ሚጣ ግን በዚያ ሰዓት ጎረቤት ቤት ትጫወት ነበር።

እሱ ዝም ብሎ ይማራል። ስትቆጣው ይታገሣል። አንድ ቀን ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋበትና የእጅ ፍሬኑን ስቦ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ከኋላቸው የነበረ ሰው ጡሩምባ ነፋ፤ አናጢው ደንታም አልሰጠው።

«ተማር ስትይኝ ድሮ እየሳቅሽ ነበር» አለ። «አሁን ሳቁ የለም። ሰው እንዲህ የሚጣደፈው ሊሄድ ሲል ነው። ወዴት ልትሄጂ ነው?»

እዚያው ዳገቱ ላይ ነገረችው። እብጠቱን፣ ደሙን፣ ከረጢቱን፣ ሽማግሌው ያሉትን ሁሉ። ጡሩምባ የነፋው ሰው ተሳድቦ አለፋቸው፤ ሌሎችም አለፉ። አናጢው ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ ሰማት። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ስትጨርስ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው።

«እኔ ነድቼ እወስድሻለሁ» አለ።

«መንጃ ፈቃድ የለህም።»

«እንግዲያው አንቺ ንጂ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ከዚያም ወንበር ተለዋወጡ። ሲለዋወጡ መኪናው ፊት ለፊት ተገናኙና መንገዱ መሀል እቅፍ አድርጎ ያዛት። እሱ በሰው ፊት እጇን እንኳ የማይይዝ ሰው ነው። ለምን አልነገርሽኝም አላላትም፤ እሷንም ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሳት ይኸው አለማለቱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሚጣን ትምህርት ቤት አድርሰው ሄዱ። የአልትራሳውንዱ ክፍል ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ተጋርዶ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፤ አልጋው ላይ ወረቀት ተነጥፏል፤ ከአልጋው በላይ ስክሪን ተሰቅሏል። ሐኪሟ አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም፣ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። መሣሪያውን ከማንሳቷ በፊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ታሪኩን ከእነሱ አፍ መስማት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። እትዬ ፍሬን ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጀምራ አስረዳቻት። ሐኪሟ ሕመሙ መቼ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀቻት።

«ሁልጊዜ» አለች።

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁልጊዜ አይደለም» አለ።

ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩት። ሰውየው ያልለመደው ወሬ ውስጥ መግባቱ አሳፍሮት ጣቶቹን እያየ ቀጠለ።

«የሙቅ ውሃ ላስቲክ አለ፤ ሆዷ ላይ የምታደርገው። የምሞላላት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ትጠይቀኛለች፤ ሲያልፍ ላስቲኩ ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል። እስከሚቀጥለው ወር ማንም አይነካውም።»

ሐኪሟ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀችው። ሚጣ ጡት ከተወች በኋላ የወር አበባዋ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ እንደመጣ፣ ከዓመት ወደ ዓመትም እየበረታ እንደሄደ ነገራት። እውነቱን ነው። እሷ የወር ሕመም ነው ብላ ንቃው ነበር፤ እብጠቱን ካገኘች ወዲህ ደግሞ ፍርሃቱ ቀኑን ከቀኑ ቀላቅሎባት ሁሉም ቀን የሕመም ቀን መስሏት ነበር። ሐኪሟ የባልየውን ቃል መዝገቡ ላይ አሰፈረች።

«አሁን አያለሁ» አለች ጓንቷን እያጠለቀች። «ሳይ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ክፉ ነገር አየሁ ማለት አይደለም፤ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። እኔ ዝም ስል እርስዎ በአሳብዎ መቃብር አይቆፍሩ።»

መጀመሪያ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ በላይ በኩል አየች። ጠባሳው ጋ ስትደርስ እጇን በጣም አቀለለችው፤ የት ላይ እንደሚያማት በጣቷ እንድታሳያት ጠየቀቻት፤ ጣቷ ያረፈበትና ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር የታየበት ቦታ አንድ ሆነ። ከዚያ በውስጥ በኩል የሚገባውን ቀጭን መሣሪያ አዘጋጅታ፣ እያስረዳችና እያስፈቀደች አየች። በመሣሪያው ማህፀኑን ገፋ ታደርገዋለች፤ ከዙሪያው ሳይጣበቅ ሲንሸራተት ታያለች፤ ትለቀዋለች። ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ ላይ የደም ዝውውሩን የሚያሳይ ቀይና ሰማያዊ ፍንጣቂ ብልጭ ይላል። ደግሞ ወደ ላይ ተመልሳ ጉበቷን አየች፣ የሆዷን ግራ ቀኝ ጥግ ሁሉ አየች። አናጢው ራስጌ ተቀምጦ የሚስቱን ትከሻ ይዟል። እትዬ ፍሬን መቃብር አይቆፍሩ ብትባልም ትንሽ ቆፈረች። የሐኪሟን ፊት ለማንበብ ሞከረች፤ የስክሪኑ ብርሃን መነጽሯ ላይ አርፎ ዓይኗን ሰውሮባታል።

በመጨረሻ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው።

«ይህ የግራ ኦቫሪዎ ነው» አለች። «ይህ ክቡ ከረጢቱ ነው። ውስጡን ይዩት፤ ጉም የሞላበት መስኮት አይመስልም? ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ያረጀ ደም እንዲህ ነው የሚታየው። እኔ ስፈራ የነበረው ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያበጠ ሥጋ አገኛለሁ፣ ሥጋውም የራሱ የደም ሥር ይኖረዋል ብዬ ነው። ፈለግሁ፤ የለም። ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ ውስጡም ደም አይመላለስበትም።»

ቀጥላም ጠባሳው ሥር ያለውን አሳየቻቸው። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ሥር እንደ ሰደደ ነገር ጡንቻውን ቆንጠጥ አድርጎ ይዟል። ይህ ብቻውን ሊያስፈራ እንደሚችል፣ ካንሰርም አንዳንዴ እንዲህ እንደሚታይ አልሸሸገቻቸውም። ነገር ግን የደም ሥሩ ጥቂት ነው፤ ሕመሙ ከወር አበባ ጋር ይመጣል ከወር አበባ ጋር ይሄዳል፤ የተቀረው ሆዷ ውስጥ ደግሞ ካንሰር ሲመለስ የሚጥላቸው ምልክቶች አንዳቸውም አልተገኙም።

«እንግዲያ ምንድን ነው?» አለ አናጢው።

ሐኪሟ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደሚባል ነገረቻቸው። በየወሩ ከማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ እየተላቀቀ የሚወርደው ዓይነት ሽፋን አንዳንዴ ከቦታው ውጪ ይበቅላል። ሚጣ ስትወለድ ማህፀኑ ሲከፈት ከዚያ ሽፋን ትንሽ ጠባሳው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እዚያም ሆኖ ወሩን አይረሳም፤ ማህፀን ሲደማ እሱም ይደማል፤ መውጫ ግን ስለሌለው ያብጣል፣ ያማል፤ ኦቫሪ ላይ ሲበቅል ደግሞ አሮጌ ደም የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። የደም ምርመራውን ከፍ የሚያደርገውም ካንሰር ብቻ አይደለም፤ ይህም ያደርገዋል።

«እኔ ያየሁት ይህን ይመስላል» አለች። «ይመስላል ነው ያልኩት። ከዚህ በፊት ካንሰር ለነበረበት ሰው በመሰለኝ አልፈርድም። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና እወስዳለሁ፤ በአጉሊ መነጽር ታይቶ ይረጋገጥልኝ። ከረጢቱን ግን አልነካውም። እንዲህ ያለውን የካንሰር ጥርጣሬ እያለ መውጋት ደግ አይደለም፣ ቢኖርበት ይበትነዋል፤ በዓይኔ እጠብቀዋለሁ።»

ናሙናው ያን ዕለት ተወሰደ። ቦታው ደንዝዞ ነበርና ሕመሙ እንደፈራችው አልሆነም፤ ሐኪሟ በስክሪኑ እያየች ጫፉን እብጠቱ መሀል አሳረፈችው። ሲወጡ ባሏ ምን ይሰማሻል አላት። ተስፋ ማድረግ ፈራች። ተስፋ ከፍ ካለ አወዳደቁ ይሰብራል ብላ ደረቷ ውስጥ አፍና ያዘችው።

በመጠበቂያው ጊዜ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። አንድ ቀን አዛውንቱ የሒሳብ መምህር ቀይ መብራት ጥሰው ሊያልፉ ሲሉ እግሯ አልተነሳም። ሰውየው ራሳቸው ደንግጠው ፍሬን ረገጡና መኪናው መስመሩ ላይ ቆመ። «ልጄ፣ ዛሬ ምነው ተውሽኝ?» አሏት፤ ቅር ብሏቸው ነበር። እሷም እንዳመማት፣ የምርመራ ውጤት እየጠበቀች እንደሆነ ሳታስበው ነገረቻቸው። አዛውንቱ የዚያን ዕለት ቀሪውን ትምህርት ያለ አንድ ስህተት ነዱ፤ ፍሬቻውን ሳይቀር ታመኑለት። ሊያሳርፏት እንደሆነ ገባት።

ውጤቱ ሲደርስ ሽማግሌው ሐኪም ሁለቱንም አስጠሯቸው። ክፍሉ ውስጥ የአልትራሳውንድ ሐኪሟም ነበረች፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ፍሬን ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ሽማግሌው «ካንሰር አይደለም» አሉ። ለዚያ ወሬ መግቢያ መደርደር ጭካኔ መስሏቸው ይመስላል። ናሙናው ውስጥ የካንሰር ሕዋስ አንድም አልተገኘም፤ የተገኘው የማህፀን ሽፋን ነው፤ አሮጌ ደምም አብሮት አለ፤ አልትራሳውንዱ ያለው ሁሉ ከዚህ ጋር ገጥሟል።

አልሰማቻቸውም። ማለት ጆሮዋ ሰምቷል፤ እሷ አልሰማችም። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት። «አንዴ ደግሞ» አለች። ሽማግሌው ሦስተኛውን ለአልትራሳውንድ ሐኪሟ ተዉላት፤ እሷም ከግድግዳው ሳትነቃነቅ «ካንሰሩ አልተመለሰም» አለቻት።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ የሰማው ባሏ ነው። ካንሰር አይደለም ማለት ሕመም አይደለም ማለት እንዳልሆነ፣ ጠባሳው ሥር ያለው በትንሽ ቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ፣ ከረጢቱን ጋብ የሚያደርግ ኪኒን እንደምትጀምር፣ ታሪኳም ስለሚያስገድድ በየጥቂት ወሩ አልትራሳውንድ እየመጣች እንደምትታይ አስረዱት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ እሺ እሺ አለ፤ ሁለቱንም ሐኪሞች በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። ደረጃው ጋ ደረሱ። ያ ግንድ የሚያክል ሰውዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። የሚያለቅስ መስሏት አጎንብሳ እጁን ብትገልጠው እየሳቀ ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። የሚወጣና የሚወርድ ሰው እየተሻገራቸው ያልፋል። አንዲት ነርስ ደህና ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ደህና ነን አሏት፤ ይህንኑ ቃል እንደ አዲስ ቃል ነበር ያወጡት።

ከዚያ ረሃብ መጣ። ከሳምንታት ወዲህ የበላችው ሁሉ አፈር አፈር ይላት ነበር፤ አሁን ሆዷ ተንጫጫ። ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ገዝተው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ያለ ምንም ማባያ ቆርሰው በሉ። ፍርፋሪው ቀበቶው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ጭኗ ላይ ተበተነ። ተማሪ መኪናው ውስጥ እንዳይበላ በደማቅ ጽሑፍ ያስለጠፈች እሷ ናት።

ለእናቷ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወለች። እስከዚያ ድረስ አልነገረቻቸውም ነበር። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ከዚያ ወቀሷት። አንቺን አምጬ የወለድኩት እኔ አይደለሁም ወይ፣ ደስታሽን ለእኔ ጭንቅሽን ለራስሽ የምታደርጊ ማን አደረገሽ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ ወይ አሏት። ቁጣው ራሱ ጣፈጣት። ሲበቃቸው ድምፃቸው ሰለለና «ስሙን ንገሪኝ እስቲ» አሏት።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ።»

«ኢንዶ ምን?»

ደግማ ነገረቻቸው። እናቷ ሞከሩት፣ መሀሉ ላይ ተሰናከሉ፣ ተዉት። «ስሙ እንኳ አፍ አይገባም። የሆነ ሆኖ ያኛው ካልሆነ እንደ ፈለገ ይባል» አሉ። ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ሲል ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ሻንጣቸውን ይዘው መጡ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተፈጸመ። ከወጣው ሥጋ ላይ የተደረገው ምርመራም ያንኑ አለ። ቁስሏ ቶሎ ጠገገ፤ ኪኒኑ መጀመሪያ ራሷን ቢያዞራትም ኋላ ለመደችው። ወሩ መጥቶ ሕመሙ ሳይመጣ ሲቀር ገና ይመጣል ብላ ጠበቀችው፤ አልመጣም።

ለክትትል ስትሄድ እናቷ ይህን ያስለቀሰንን ነገር በዓይኔ ካላየሁ ወደ አገሬ አልመለስም ብለው አብረዋት ገቡ። ሐኪሟ ፈቀደችላቸውና ወንበር አስጠጋችላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ጠርገው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

«የታለ?» አሉ።

ሐኪሟ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከበፊቱ ማነሱንም ነገረቻቸው። እናቷ ክቡን ጉም ብዙ አዩት። ከዚያ ስለ ጉበቷም፣ ስለ ኩላሊቷም፣ ስለ ማህፀኗም አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ሐኪሟም አንድ በአንድ አሳይታ ደህና ደህና ደህና አለቻቸው። ምርመራው ሲያልቅ ሆዷ ላይ የቀረውን ቅባት እንድትጠርግ ለስላሳ ወረቀት ዘረጋችላት። እናቷ ግን ቀደሟት። የራሳቸውን ሻርፕ ከትከሻቸው አወረዱና፣ «ተይ ይቆሽሻል እማዬ» እያለቻቸው፣ አራስ ልጅ እንደሚያደራርቁ ከእምብርቷ እስከ ጠባሳው ጫፍ ቀስ አድርገው አደረቁላት።